ለላንጋኖ የተሰፋው ባና

መምህር ወዳጆ ጡረታ በወጡ በዓመቱ፣ በዘጠና ስምንት ክረምት፣ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለው ሦስት ቀን ሊሰነብቱ አሰቡ። መንዝ ውስጥ፣ በከተማችን በመሐል ሜዳ፣ ይህን ያልሰማ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ከሁሉም ቀድሜ ሰማሁ፤ ድንኳኑን ስፋ የተባልኩት እኔ ነኝና።

የስፌት መኪናዬን የምዘረጋው ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ካለ አንድ በረንዳ ላይ ነው። ከጎኔ ዳኜ ሰዓትና ሬዲዮ ይጠግናል። ልብሱ እስኪያልቅለት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ዝም ማለት አይሆንለትም። እኔ ደግሞ እግሬ መርገጫው ላይ፣ ዓይኔ ክሩ ላይ ስለሚሆን ጆሮዬ ብቻ ነው ሥራ ፈቶ የሚቀመጠው።

መምህር ወዳጆ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ፤ በእሳቸው እጅ ያለፈ ልጅ ይህን እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። እሳቸው ግን ከሰባቱ አንዱንም አላዩም። ለስብሰባ ደብረ ብርሃን፣ ለፈተና እርማት አዲስ አበባ፤ ከዚያ ወዲያ አልተሻገሩም። ልጃቸው ሲና በጤና ሙያ ዝዋይ ከተመደበች ወዲህ ነው ነገሩ የተነሳው። ደብዳቤዋን ከኪሳቸው አውጥተው በረንዳው ላይ አነበቡልን።

«‹አባዬ፣ ላንጋኖ ዳር ሰው ድንኳን ተክሎ ያድራል። ክረምቱን እረፍት ስወስድ አብረን እንሂድ። ድንኳን ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ የቀረውን ለእኔ ተዉት።› ይዛችሁ ነው ያለችው፣ ልብ በሉ።»

«እትዬ ጥሩሸዋስ ምን አሉ?» አለ ዳኜ፣ የሰዓት ሆድ ዕቃ ላይ እንዳጎነበሰ።

መምህር ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «አልሄድም ብላለች።»

«ታዲያ እርስዎ ብቻዎን ይሂዱዋ!»

«ብቻዬንማ ከሆነ ካርታው መች አነሰኝ?» አሉ። «ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሠላሳ አንድ ዓመት ብቻዬን አይቼዋለሁ። እሷ ካልሄደች እኔም ቀረሁ፤ ድንኳኑ ግን ይሰፋ። ተሰፍቶ ስታየው ልቧ ይመለስ ይሆናል።»

ከዚያ ወደ ድንኳኑ ገባን። ሸራ ነው የታሰበው መጀመሪያ። ዳኜ ግን አንገቱን ቀና አደረገ።

«ሸራ? ሜዳ ላይ? በነሐሴ? ጋሼ፣ ሸራ ብርድን እንደ ወንፊት ነው የሚያሳልፈው። በሦስተኛው ቀን ድርቅ ብላችሁ በበረዶ ተጠቅልላችሁ ነው የምትመጡልን።»

«እውነቱን ነው» አልኩ እኔም። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ትክክል የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። «ባና ቢሆን ነው የሚሻለው፣ መምህር። በባና ላይ ብርድ አይደፍርም።»

«ሐይቅ ዳር ደግሞ» አለ አንድ ሱሪ የሚያስጠብብ ሰው፣ «ውሃው ራሱ ቅዝቃዜ ይተፋል። ሁለት ድርብ ይሁን።»

ባና ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመን ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። መንዝ ላይ ያለ ባና የሚያድር ሰው የለም። ለእኛ ሜዳ ማደር ማለት ብርድ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ስለዚህ የበረንዳው ሰው ሁሉ ተስማማ። መምህር የጉዞውን ዕቃ በደብተራቸው ላይ ሲጽፉም እየተቀባበልን ጨመርንላቸው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ከሥር የሚነጠፍ አጎዛ፣ ለውርጭ የምትሆን አንዲት ጠርሙስ አረቄ። ደብተሩ ላይ ላንጋኖ የሚለው ስም በትልቁ ተጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

በሦስተኛው ቀን ባናዎቹን ያመጡልኝ እትዬ ጥሩሸዋ ራሳቸው ናቸው። ስምንት ጥቁር ባና፣ በአህያ ጭነው። ጠጉሩ የራሳቸው በጎች ነው፣ የፈተሉትም እሳቸው ናቸው። ዳኜ ምሳ ሄዶ ነበር። ባናዎቹን አንድ በአንድ እየዘረጉ ብል የበላው ቦታ እንዳለ አሳዩኝና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«አጥብቀህ ስፋው፣ ፈንታ። ደረቱ ብርድ አይችልም።»

«እርስዎስ፣ እትዬ? አይሄዱም?»

«እኔ የማላውቀው አገር ሄጄ ምን ልሠራ?»

ዝም አልኩ። ብዙ ሰው ሲናገር ሰምቻለሁ፤ የመጀመሪያውን ምክንያት ሲነግርህ ዝም ካልክ ሁለተኛውን ያመጣል።

«ደግሞስ ቤት እያለው ሜዳ የሚያድር ማነው? ሰው ምን ይላል? ሲና መጥታ ብትጠይቀን ምን ነበረበት? እሱ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ደሴት ላይ ገዳም አለ፣ እሳለማለሁ በይ ይለኛል። የእኛ ታቦት ምን ጎደለው?»

ክሩን በጥርሴ በጠስኩ።  እሳቸው የባናውን ጠርዝ በጣታቸው እያሹ ቆዩ። ሦስተኛው ሲመጣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ፈንታ። የማን ልጅ የማን ልጅ ሳይል ላንጋኖ፣ ሻላ እያለ ሲያስተምር ኖረ። ልጆቹ ቤት ድረስ መጥተው ይጠይቁታል፤ እኔ ምሳ አቀርባለሁ። ካርታውን አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ስማቸውን አነባለሁ፤ ምን እንደሆኑ ግን አንድ ቀን ‹ነይ፣ ቁጭ በይ፣ ላሳይሽ› ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ድንኳን ሊሰፋ ሲነሳ ነው እኔ ትዝ ያልኩት። እዚያ ሄጄ እሱ ለልጁ ሲያስረዳ እኔ ሻይ ላፈላ? ይቅርብኝ።» ብድግ አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ይህን ለእሱ እንዳትነግረው። ባናውን ግን አጥብቀው።»

«አልነግርም፣ እትዬ።»

አልነገርኩምም። በረንዳ ላይ የሚደመጥ ነገር በረንዳ ላይ ካልቀረ ሰው ነገ ማንን አምኖ ይናገራል? ነገር ግን መምህር ሚስታቸው እንደማይሄዱ ሲያስቡ የሚያጥፉት ደብዳቤ፣ እትዬ ጥሩሸዋ ደግሞ የሚያሹት የባና ጠርዝ ከዓይኔ አልጠፋም። ሁለቱንም በጸሎቴ አስባቸው ጀመር፤ ሌላ የማውቀው መንገድ አልነበረኝም።

ሥራው ከበደኝ። የመኪናው መርፌ ሦስቴ ተሰበረ። ባና በባና ላይ ሲደረብ መኪናው ማልቀስ ነው የቀረው። በመጨረሻ መኪናውን ትቼ በወስፌና በሲባጎ በእጄ ያዝኩት። «አንተ፣ ድንኳን ነው ወይስ የዝሆን ካፖርት የምትሰፋው?» ይላል ዳኜ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

በሐምሌ ገብርኤል ማግስት ረፋድ ላይ ሊሞከር ከመምህር ቤት ጀርባ ወዳለው ግጦሽ ወሰድነው። ለሦስት ተሸክመን ወገባችን ተቆረጠ ብል አላጋነንኩም። የባሕር ዛፍ ቋሚ አቁመን፣ ካስማ ቸክለን፣ ስናበቃ የተኛ በሬ መስሎ ሜዳው ላይ ቁጭ አለ። መምህር ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። እትዬ ጥሩሸዋ ከጓሮ በር ላይ ቆመው ያያሉ።

«ነይ እዪው እንጂ» አሏቸው።

«ስፌቱን ልየው» ብለው መጡ። ስፌቱን ብቻ።

በዚያው ቅጽበት ከጓሳ ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ወረደና በረዶ ጣለ፤ እንደ ባቄላ የሚያህል በረዶ። ቤቱ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ሆኖም የሚደፈር አልነበረም። አራታችንም ዘልለን ድንኳኑ ውስጥ ገባን፦ መምህር፣ እትዬ ጥሩሸዋ፣ ዳኜና እኔ። ባናው ላይ በረዶው ድብ ድብ ይላል፤ ወደ ውስጥ ግን ጠብታም አልገባ፣ ነፋስም አልገባ።

«ሙቀቱን አያችሁት?» አሉ መምህር ፊታቸው በርቶ።

«ይሄማ ቤት ነው!» አለ ዳኜ። «ጋሼ፣ ከላንጋኖ ሲመለሱ ያከራዩኝ።»

እትዬ ጥሩሸዋ ጥግ ላይ አጎዛ አግኝተው ተቀመጡ፤ ስፌቱን አይተው ጨርሰዋል፣ መውጫ ግን የለም። ያኔ ነው ኪሴ ውስጥ ያለው ጠመኔ ትዝ ያለኝ። አስቤበት አልነበረም።

«መምህር» አልኩ፣ «እኔ ከሰው እየጠየቅኩ ነው ፊደል የለየሁት፤ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ይሄ በረዶ እስኪያባራ ላንጋኖ የሚሉትን ቢያሳዩኝ? ጠመኔው ይኸው። ባናው ጥቁር ነው።»

ሌላ ልመና አልፈለጉም። ጠመኔውን ተቀብለው ግድግዳው ላይ መሣል ጀመሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረ እጅ ነው፤ ሐይቆቹ ከላይ ወደ ታች፣ አንዱ እንደ ባቄላ፣ አንዱ እንደ ጆሮ እየሆኑ ወረዱ። ለእኔና ለዳኜ እያስረዱ ነበር፣ ጀርባቸውን ለጥጉ ሰጥተው።

«መምህር፣ እትዬ ጥሩሸዋን ከልለዋቸዋል» አልኩ።

ዘወር አሉ። ሚስታቸው አንገታቸውን አስግገው በክንዳቸው ሥር ለማየት ይሞክሩ ነበር። መምህር አዩዋቸውና ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ። «ይታይሻል?»

«አሁን ታየኝ። ለምንድነው እንዲህ ተሰልፈው የተቀመጡት? ውሃ ቦታ ባገኘበት አይተኛም እንዴ?»

መምህር ቅንድባቸውን አነሱ። «ምድር እዚህ ጋ ተሰንጥቃለች። መሐሏ ሰምጧል። ሐይቆቹ በሰመጠው ቦታ ላይ የተጠራቀሙ ናቸው።»

«ምርጊት ሲደርቅ እንደሚሰነጠቀው?»

«እንደሱ! ልክ እንደሱ።»

«ማነው የሰነጠቃት?»

«ከሥር እሳት አለ…»

«ፈቃዱ ነዋ።»

«ፈቃዱም ነው፣ እሳቱም ነው» አሉ መምህር፤ ዳኜም «አሜን» አለ።

«ላንጋኖ የቱ ነው?»

«ይሄ። ውሃው ቡናማ ነው።»

«የእኛ ሞፈር ውሃ ወንዝ በክረምት እንደሚደፈርሰው?»

«እንደሱ ነው፣ ይሄ ግን በጋም ክረምትም ያው ነው።»

እትዬ ጥሩሸዋ ከአጎዛው ተነስተው ወደ ግድግዳው ቀረቡ። በረዶው ወደ ዝናብ ተለውጦ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። «ከእኛ ጋ ሲነጻጸር ከፍታ ነው ዝቅታ?»

«አሁን ጥሩ ቦታ ላይ መጣሽ» አሉ መምህር፤ ክፍል ውስጥ የሚያወጡትን ድምፅ አወጡ። ከላይ 3100 ብለው ጻፉ። «ከባሕር ወለል ተነስቶ ሲለካ እኛ ያለነው ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ላንጋኖ ደግሞ…» 1600 ብለው ጻፉ። «ይህንንም አይሞላም።»

«ግማሽ ነዋ!»

«ግማሽ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየሺህ ሜትሩ ወደ ስድስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። መንዝ የሚበርደው ለዚህ ነው። ይህን ሳይመልስ ከእኔ ክፍል ያለፈ ተማሪ የለም።»

«ወደ ታች ሲወረድስ?»

«በዚያው ልክ ይሞቃል።»

እትዬ ጥሩሸዋ 3100ን አዩ፤ 1600ን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው በባናው ላይ ጫን አደረጉ፤ ወደ ውጭ ለጠጥ አለ። «እኔማ ውሃ የሞላበት አገር ከእኛ የባሰ የሚቀዘቅዝ መስሎኝ ስምንቱንም ሰጠሁ። ከዚህ የሚሞቅ ከሆነ፣ ወዳጆ፣ ይሄን ባና እዚያ ምን ልታደርገው ነው?»

መምህር ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጠመኔው እጃቸው ላይ ቆመ። ያስተማሩት ቁጥር ከነመልሱ ፊት ለፊታቸው ተጽፏል።

«ጋሼ ወደቁ!» ብሎ ዳኜ መሬት ላይ ተንከባለለ። «ኧረ ወደቁ! በራሳቸው ፈተና!»

እኔ ሳቄን ዋጥኩ፤ ባናውን ያልኩት እኔም ነኝ። መምህር አልሳቁም። ጆሯቸው ቀላ፤ ቀስ ብለው አጎዛው ላይ ተቀመጡ። «ሠላሳ አንድ ዓመት» አሉ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ይህንኑ…» ቀሪውን አልጨረሱትም። ፈራሁ። በሰው ፊት የተዋረዱ መስሏቸው ድንኳኑን ንቀሉ፣ ነገሩ ይቅር ቢሉስ? ሰው በእልህ ብዙ መልካም ነገር ትቷል።

እትዬ ጥሩሸዋ ግን ሌላ ነገር አልጨመሩም። ጎንበስ ብለው ከመምህር እጅ ጠመኔውን ወሰዱ፣ ግድግዳው ላይ ጫፉን አሳረፉና «አብያታ ያልከው የቱ ነው? ይሄ ነው ወይስ ይሄ?» አሉ።

መምህር ቀና ብለው አዩዋቸው። «የግራው ነው።»

«ሻላስ?»

«ከሥሩ። ጥልቁ እሱ ነው።» ቀጥለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩሸዋ፣ ስንት ሺህ ተማሪ አስተምሬ፣ እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ አንድም የለም።»

«እኔን መች አስገባኸኝና!»

በቀልድ ድምፅ ነው ያሉት፤ ነገር ግን ዳኜ እንኳ አልሳቀም። መምህር ዓይናቸውን ከካርታው ወደ ሚስታቸው መለሱ። እኔ የማውቀውን አያውቁም ነበር፤ አሁን ግን አወቁ፤ በፊታቸው ላይ ሲገባቸው አየሁት።

«አላስገባሁሽም» አሉ። «እውነት ነው። ምሳ ስታቀርቢ ቁጭ በይ አላልኩሽም።»

«አላልከኝም።»

«ረፈደ?»

እትዬ ጥሩሸዋ የጠመኔውን ዱቄት ከጣታቸው አራገፉ። «ክረምት ነው ብለህ ትምህርት ቤቱን ካልዘጋኸው አልረፈደም» አሉ። ያኔ መምህር ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ፤ ዳኜም እንደገና ተንከባለለ።

ዝናቡ ሲያባራ ማንም አልወጣም። ሐዋሳ ተጠየቀ፣ አባያና ጫሞ ተጠየቁ። ጫሞ ላይ አዞ አለ ሲባሉ «እዚያስ አልሄድም» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ።

«ላንጋኖስ?» አሉ መምህር፣ ዓይናቸውን ካርታው ላይ ተክለው፣ እንደማያስቸኩል ሰው።

«ላንጋኖ አዞ አለ?»

«ሰው ይዋኝበታል አለች ሲና።»

«እንግዲያው ፍልሰታ ይፈታ። ሱባዔዬን ትቼ የትም ንቅንቅ አልልም። ፆሙ በተፈታ በሦስተኛው ቀን እንነሳለን፣ ለጳጉሜን እንመለሳለን። ፈንታ፣ ይሄን ጉድህን ፍታው።»

ፈታሁት። አጥብቀህ የተባለ ስፌት ሲፈታ ከመስፋቱ ይብሳል። ቀን ቀን ሁለቱ በረንዳዬ ላይ ይመጡና መምህር በአንድ ጫፍ፣ እትዬ ጥሩሸዋ በሌላው ጫፍ ሲባጎውን እየመዘዙ ያግዙኛል። በዚያውም ትምህርቱ ይቀጥላል፦ ነፋስ ከየት ይነሳል፣ ደመና ለምን ጓሳ ላይ ይቆማል። መልሱን እኔም እሰማለሁ። መምህር ቴሌ ቤት ሄደው ለሲና ሲደውሉ፣ የባናውን ነገር ስትሰማ ከሳቋ የተነሳ ለረጅም ጊዜ መናገር አልቻለችም አሉ። ሲረጋጋላት «አባዬ፣ እዚህ የሚያስፈልገው አጎበር ነው፤ ትንኝ አለ፤ እሱን እኔ አዘጋጃለሁ» አለቻቸው።

አዲሱን ድንኳን ከአቡጀዲ ሰፋሁት፤ ለዝናብ ከላይ ላስቲክ አለበስኩት። በአንድ ቀን ተኩል አለቀ፤ በአንድ እጅ ይያዛል። ከደብተሩ ላይ አጎዛው፣ የሱፍ ካልሲውና የውርጭ አረቄው ተሰረዙ። ዳኜ በአረቄው አዝኖ «ለትንኝም መድኃኒት ነው» ቢል የሰማው የለም። በሶው ግን ቀረ። እትዬ ጥሩሸዋ አንድ ባና አልለቅም አሉ። «ጣርማ በርን እስክናልፍ እለብሰዋለሁ። እዚያ ድረስማ አገሬ ነው፣ ይበርዳል።»

ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ማለዳ ጉሙ መናኸሪያው ላይ ተኝቶ ነበር። ዳኜና እኔ ዕቃቸውን አውቶቡሱ አናት ላይ ሰቀልንላቸው። መምህር የመስኮቱን ወንበር ሊይዙ ሲሉ እትዬ ጥሩሸዋ በክርናቸው ነካ አድርገው አለፏቸውና እሳቸው ተቀመጡበት። መምህርም ሳያንገራግሩ ከጎናቸው ተቀመጡ፤ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።

«ቢያስተምሩዎት ቢያስተምሩዎት እንዳይሰለቹ፣ እትዬ!» አለ ዳኜ ከሥር።

«እሱ ነው የሚሰለቸው» አሉ።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ጉሙ ሳይውጠው በፊት እትዬ ጥሩሸዋ በመስኮቱ ጣታቸውን ወደ ውጭ፣ ወደ አንድ ኮረብታ ሲቀስሩ፣ መምህርም ጎንበስ ብለው ሲያዩ አየሁ። ምን ብለው እንደጠየቋቸው አልሰማሁም። «በሰላም አግባቸው» አልኩና ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ።